ቼኩን የሚፈርመው ማን ነው?

ሰበታ ከተማ በ2011 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪምየር ሊግ ሲያድግ አንገቱን ደፍቶ አልገባም። ለ2012 የውድድር ዘመን ኢትዮጵያ ቡናን በ2003 ዓ.ም. ለሻምፒዮንነት ያበቁትን አሠልጣኝ ውበቱ አባተን ቀጠረ። ውበቱ በ2013 መግቢያ ላይ የብሔራዊ ቡድኑን ኃላፊነት ሲረከቡ ደግሞ ሰበታ ከእሳቸው በፊት ዋልያዎቹን ይመሩ የነበሩትን አብርሃም መብራቱን አመጣ። ነገሩን ከሩቅ ለተመለከተ፣ በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ከተማና ብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ የተለዋወጡ ይመስል ነበር።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሰበታ ወረደ። በሊጉ የቆየው ሦስት የውድድር ዘመን ሲሆን አንዱ በኮሮና ምክንያት ተሰርዟል።

አብረውት የወረዱት ጅማ አባ ጅፋርና አዲስ አበባ ከተማ ናቸው። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ለማግኘት የጨዋታ ሥልታቸውን ማጥናት አያስፈልግም። የሦስቱም ደመወዝ የሚወጣው ከከተማ አስተዳደር ካዝና ነበር። በዚያው ዓመት በእነሱ ቦታ ለመግባት ያደጉት ደግሞ ኢትዮጵያ መድን፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና ለገጣፎ ለገዳዲ ናቸው። ከሁለቱ ጀርባ ትልልቅ የመንግሥት ድርጅቶች አሉ፤ ሦስተኛው ከአዲስ አበባ ጋር ድንበር የምትጋራ ከተማ ክለብ ነው።

ሰበታ ከዚያ ቀደም ሌላ ዓይነት ባለቤትም ታውቅ ነበር። የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ክለብ በፕሪምየር ሊጉ ተጫውቷል። ፋብሪካው በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ ለተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቢጂአይ እጅ ገባ። ቢራው ዛሬም ይጠመቃል። የክለቡ ስም ግን ከሊጉ ሰንጠረዥ ከጠፋ ቆይቷል። አንዲት ከተማ በፋብሪካም በማዘጋጃ ቤትም ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ ከላይኛው ሊግ ውጪ ሆነች።

ታዲያ የአንድ ክለብ ዕጣ ምን ያህሉ የሚወሰነው በባለቤቱ ነው?

የሁለት ዓመት ፈተና

በእግር ኳስ ውስጥ እንደ ቤተ ሙከራ የተስተካከለ ንጽጽር አይገኝም። የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ግን ሳያስበው ወደዚያ የሚቀርብ ነገር አዘጋጅቷል።

በ2014 ዓ.ም. ያደጉት ሦስቱ ክለቦች የ2015ን ውድድር እኩል ጀመሩ። በዓመቱ መጨረሻ ለገጣፎ ለገዳዲ ወረደ። ኢትዮ ኤሌክትሪክም ወረደ። ኢትዮጵያ መድን ግን ቀረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳ።

በ2015 ዓ.ም. ያደጉት ደግሞ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና የዱራሜው ሀምበሪቾ ነበሩ። ሻሸመኔና ሀምበሪቾ በመጡበት ዓመት ተመለሱ። ንግድ ባንክ በመጣበት ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለተኛ የወጣውም የመከላከያ ሠራዊት ክለብ የሆነው መቻል ነው።

ስድስቱን ክለቦች በባለቤታቸው ብንከፍላቸው ውጤቱ ግልጽ ነው። የከተማና የአካባቢ አስተዳደር የያዛቸው ሦስቱም ከአንድ ዓመት በላይ አልዘለቁም። የመንግሥት ድርጅት ከያዛቸው ሦስቱ ሁለቱ ዋንጫ አነሱ። የሚያስቸግረው ስድስተኛው፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ገንዘቡ በየት በኩል ይገባል

ልዩነቱን ለመረዳት አንድ የከተማ ክለብ ደመወዝ እንዴት እንደሚከፍል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ተጫዋች የሚፈርመውም በዚያው ክረምት ነው። የክለቡ የቦርድ ሰብሳቢ አብዛኛውን ጊዜ ከንቲባው ወይም ከንቲባው የወከሉት ሰው ይሆናል። ለክለቡ የተያዘው ገንዘብ ከመንገድ፣ ከውሃና ከትምህርት ቤት ጥገና ጋር በአንድ ምክር ቤት ፊት ይቀርባል። ቡድኑ ሲያድግ ከተማው ሁሉ ጎዳና ላይ ይወጣል፤ ካቢኔውም በዚያ ሞቅታ መካከል ለተጫዋች ፊርማ እሺ ይላል። ጥር ወይም የካቲት ላይ ሞቅታው ሲበርድ ገንዘቡም ያልቃል። ከዚያ ተጨማሪ በጀት ይጠየቃል። ደብዳቤው ከስፖርት ጽሕፈት ቤት ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ከንቲባ ሲመላለስ ሁለት ወር ይሄዳል። ደመወዝ ያልደረሳቸው ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ የሚለው ዜና በሊጉ ውስጥ ብርቅ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሒሳቡን ስፋት ለመገመት አንድ ቁጥር ይበቃል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ለ25 ተጫዋቾች በጣሪያው ልክ የሚከፍል ክለብ በወር 1,250,000 ብር፣ በዓመት 15,000,000 ብር ያወጣል ማለት ነው። የአሠልጣኞች ደመወዝ፣ ሆቴል፣ ትራንስፖርት፣ ሕክምናና ትጥቅ እዚህ ውስጥ የሉም። ለአንድ ባንክ ይህ ገንዘብ ከማስታወቂያ ወጪ የሚቆጠር ነው። ለአንዲት አነስተኛ ከተማ ግን አንድ ሰፈር የሚጠብቀው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ጣሪያውም ቢሆን በወረቀት ላይ የተከበረውን ያህል በተግባር አልተከበረም፤ ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር በኋላ የክለቦችን ወጪ የሚገድብ የፋይናንስ መመሪያ ያወጣው ያለ ነገር አይደለም።

የገቢው በር ደግሞ ጠባብ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር በ2012 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከዲኤስቲቪ ጋር የአምስት ዓመት የስርጭት ውል ሲፈራረም ለክለቦች አዲስ የገቢ ምንጭ ተገኘ። በሌላ በኩል ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው መካሄድ ጀመሩ። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። ጨዋታው በቴሌቪዥን ጥራት መታየቱ መልካም ነበር። የሰበታ ደጋፊ ግን ቡድኑን በገዛ ከተማው ማየት አልቻለም፤ ክለቡም ከበር የሚያገኘው የትኬት ሳንቲም አልነበረም። በሜዳው የማይጫወት ክለብ ከባለቤቱ ኪስ ውጪ የሚተማመንበት ነገር አይኖረውም።

በዓለም ላይ ይህን ጉዳይ በቁጥር ካጠኑት አንዱ የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ስቴፋን ሺማንስኪ ነው። ከ1978 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ያሉትን 40 የእንግሊዝ ክለቦች መዝገብ ይዞ ደመወዛቸውንና ደረጃቸውን ሲያመሳክር፣ በረጅም ጊዜ ሲታይ የደረጃ ልዩነቱ 92 በመቶ ያህል ከደመወዝ ወጪ ጋር አብሮ የሚሄድ ሆኖ አገኘው። ተጫዋች ሲሸጥና ሲገዛ የሚወጣው የዝውውር ገንዘብ ያን ያህል አይናገርም። በየወሩ በሰዓቱ የሚከፈለው ደመወዝ ነው የሚናገረው። ባለቤት በሜዳ ላይ የሚታየው በዚህ በኩል ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው በረጅሙ ሲታይ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወላይታ ዞኑ ድቻ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት አሰናበተ። የሁለቱ ክለቦች ካዝና በምንም መንገድ አይወዳደርም ነበር። በሁለት ጨዋታ ድሃው ሀብታሙን ሊጥል ይችላል። በሰላሳ ጨዋታ ግን ደመወዝ ያልዘገየበት ቡድን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይንሳፈፋል።

ሀብታሙ የሚወድቅበት ጊዜ

አሁን ወደ ኢትዮ ኤሌክትሪክ እንመለስ። ይህ ክለብ በቀድሞ ስሙ መብራት ኃይል ነው። ፕሪምየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው እሱ ነበር፤ በ1993 ደገመው። ባለቤቱ ከዚያ ወዲህ አልደኸየም፤ አገሪቱ ግድብ በግድብ ስትሆን ድርጅቱም አብሮ ገዝፏል። ክለቡ ግን በ2010 ዓ.ም. ወረደ፣ በ2014 ተመለሰ፣ በ2015 እንደገና ወረደ። የባለቤቱ ካዝና መሙላት ብቻውን የሚያመጣው ዋስትና እዚህ ላይ ይቆማል።

አዲስ አበባ ከተማም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በአገሪቱ ካሉት ከተሞች ሁሉ ትልቁ በጀት ያለው አስተዳደር የያዘው ክለብ ነው። በ2009 ዓ.ም. በፕሪምየር ሊጉ ተጫውቶ ወረደ። በ2014 ተመልሶ በዚያው ዓመት እንደገና ወረደ። ገንዘቡ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ክለቡን ከልቡ መፈለጉ ሌላ ነው። በአዲስ አበባ የስታዲየሙ ልብ በቅዱስ ጊዮርጊስና በኢትዮጵያ ቡና ተይዟል። ሕዝቡ በማይጮህለት ቡድን የተነሳ የሚጨነቅ ባለሥልጣን አይገኝም።

ከባለቤቱ ይልቅ አሠልጣኙ ነው ለሚል ተሟጋች ደግሞ አንድ ጠንካራ ምስክር አለ። ገብረመድኅን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አደረጉ፤ ያውም ክለቡ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት። በ2011 ዓ.ም. መቀሌ 70 እንደርታን ሻምፒዮን አደረጉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን። አንዱ የኦሮሚያ ከተማ፣ ሁለተኛው የትግራይ ሕዝብ ክለብ፣ ሦስተኛው የመድን ድርጅት ነው። ባለቤቶቹ ሦስት፣ አሠልጣኙ አንድ ሰው።

ምስክርነቱ ከባድ ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ገብረመድኅን ከሄዱ በኋላ የሆነውን መከተል ያስፈልጋል። ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫውን ባነሳ በአራተኛ ዓመቱ ከሰበታ ጋር ወረደ። አሠልጣኙ ዋንጫውን አመጡ፤ ክለቡን ለማቆም ግን የሚቆም ባለቤት ያስፈልግ ነበር። መቀሌ ደግሞ ባለቤትም አሠልጣኝም ሊመልሱት የማይችሉት ነገር ገጠመው። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ወጡ፤ የተመለሱት በ2017 ነው።

አንድ ሰው የያዘው ክለብ ያለውን አደጋ የሚያሳየው ደደቢት ነው። ኮሎኔል አወል አብዱራሂም ለዓመታት የመሩት ይህ ክለብ ጌታነህ ከበደን የመሳሰሉ ተጫዋቾች አሰባስቦ በ2005 ዓ.ም. ዋንጫ አነሳ። በስድስት ዓመት ውስጥ ውድ ተጫዋቾቹን አሰናበተ፣ መቀመጫውን ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ አዛወረ፣ በ2011 ዓ.ም. ወረደ። በሩሲያም እንዲሁ ሆኗል። ቢሊየነሩ ሱሌይማን ከሪሞቭ በ2011 እ.ኤ.አ. የዳግስታኑን አንዢ ገዝቶ ሳሙኤል ኤቶን በዓለም ውድ ከሆኑት ደመወዞች በአንዱ አስፈረመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረና ኮከቦቹን ሸጠ። ክለቡ በ2014 እ.ኤ.አ. ወረደ፤ በ2022 ከፕሮፌሽናል እግር ኳስ ጨርሶ ወጣ።

ባለቤቱ ሲጠግብ ክለቡን የሚያፈርሰው ግለሰብ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ራሱ በ2009 ዓ.ም. ሲወርድ የወንዶች ቡድኑን አፍርሶ ነበር። የሴቶች ቡድኑን ግን አቆየ፤ ያ ቡድን በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ባስተናገደችው የሴካፋ ማጣሪያ አሸንፎ ለአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ በቃ። የወንዶቹ ቡድን ከዓመታት በኋላ እንደገና ተቋቁሞ ነው የ2016ቱን ዋንጫ ያነሳው። አንድ ቦርድ በአንድ ስብሰባ ያፈረሰውን ሌላ ቦርድ በሌላ ስብሰባ መልሶ ተከለው። ሁለቱም ጊዜ ደጋፊውን የጠየቀ የለም።

ዘጠና ዓመት የቆየው

በ1930ዎቹ አጋማሽ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግ ተወዳዳሪዎቹ የማኅበረሰብ ቡድኖች ነበሩ። የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድንና በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ። ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ በፕሪምየር ሊጉ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ዘመን ነው። የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር በ1950ዎቹ ዋንጫ ሲሰበስብ ከጀርባው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነበር። በደርግ ዘመን ምድር ጦር፣ ኦሜድላ፣ ትግል ፍሬና እርምጃችን የሚባሉ ቡድኖች ገነኑ። የባለቤታቸው ዘመን ሲያልፍ አብዛኞቹ አብረው አለፉ።

የመሥሪያ ቤት ክለብ በተፈጥሮው ይሞታል ማለት አይደለም። ባየር ሌቨርኩሰንን በ1904 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የመድኃኒት ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው፤ በ2024 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። ፒኤስቪ አይንድሆቨን የፊሊፕስ ሠራተኞች ክለብ ነበር። ልዩነቱ፣ እነዚያ ክለቦች ከጊዜ ብዛት የራሳቸው ሕጋዊ ሰውነት፣ የራሳቸው ሜዳና የራሳቸው ገቢ አበጅተዋል። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር ክለቡ ይፍረስ ወይስ ይቆይ የሚል አጀንዳ አይያዝም።

የፕሪምየር ሊጉን የዋንጫ መዝገብ በባለቤት ዓይነት መደርደር ብዙ ያስተምራል። ከ1990 እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ በኮሮና የተሰረዘው ሲቀነስ 27 ዋንጫዎች ተነስተዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና፣ ማለትም ደጋፊና አባል የያዛቸው ሁለቱ የመዲናዋ ክለቦች፣ 17 ወስደዋል። የከተማና የአካባቢ ክለቦች፣ ሀዋሳ ሁለት ጊዜ፣ ጅማ፣ መቀሌና ፋሲል አንድ አንድ ጊዜ፣ በድምሩ 5 አላቸው። የመንግሥት ድርጅቶች፣ መብራት ኃይል ሁለት፣ ንግድ ባንክና መድን አንድ አንድ፣ 4። ደደቢት አንድ። ከ17ቱ 16ቱ የጊዮርጊስ ብቻ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ስለ ደጋፊ ክለቦች የሚናገረውን ያህል ስለ አንድ ክለብም ይናገራል።

ጊዮርጊስስ ቢሆን በደጋፊ መዋጮ ብቻ ነው የኖረው? አይደለም። ሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ከክለቡ ታላላቅ ደጋፊዎች አንዱ ናቸው፤ አቶ አብነት ገብረመስቀል ክለቡን ለረጅም ዓመታት መርተዋል፤ የቢራ ፋብሪካ ስምም በማሊያው ላይ ኖሯል። ክለቡ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. በተከታታይ አራት ዋንጫ ወስዶ በ2009 ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። አል አሙዲ ከጥቅምት 2010 እስከ ጥር 2011 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ ታስረው ቆይተዋል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ዋንጫው ወደ ጅማና ወደ መቀሌ ሄደ። የጊዜው መገጣጠም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለቱን ዋንጫዎች ያነሱት ገብረመድኅን መሆናቸውን አይተናል። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። ጊዮርጊስ አልፈረሰም፣ አልወረደም፤ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። ትልቁ ደጋፊው በሌለበት ጊዜ ክለቡን የሚያቆመው ሌላ ምሰሶ ነበረው፤ ደደቢት ያንን አልነበረውም።

ቡና ደግሞ በዋንጫ ቁጥር ድሃ ቢሆንም በሌላ መንገድ ሀብት አፍርቷል። አቡበከር ናስር በቡና ማሊያ በ2013 ዓ.ም. 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ በዓመቱ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። ሰንዳውንስ የባለ ማዕድኑ ፓትሪስ ሞትሴፔ ቤተሰብ ክለብ ነው፤ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ የአገሩን ሊግ በተከታታይ ስምንት ጊዜ ወስዷል። በአፍሪካ ብዙ ዋንጫ ያለው የግብፁ አል አህሊ ግን የአባላት ክለብ ነው፤ ፕሬዚዳንቱን አባላቱ ይመርጣሉ፤ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግንም 12 ጊዜ አንስቷል። አንዱን አንድ ቤተሰብ፣ ሌላውን ብዙ ሺህ አባላት ይዘውታል፤ ሁለቱም ያሸንፋሉ። የሚጋሩት ነገር ባለቤታቸው በየሐምሌው የማይቀየር መሆኑ ነው።

ከሁለቱ መካከል ያለ መንገድም በጎንደር ተሞክሯል። የዳሽን ቢራ ፋብሪካ መጀመሪያ በራሱ ስም ክለብ ነበረው፤ በ2008 ዓ.ም. ከፕሪምየር ሊጉ ሲወርድ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ አደገ፤ ፋብሪካውም ባለቤት መሆኑን ትቶ የፋሲል ስፖንሰር ሆነ። ገንዘቡ ያው የቢራው ገንዘብ ነው። የተቀየረው ከገንዘቡ ጋር የሚሄደው ሕዝብ ነው፤ በፋብሪካው ስም ያልተሰበሰበ ደጋፊ በፋሲል ስም ስታዲየሙን ሞላው። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ሻምፒዮን ሆነ።

የድርጅት ገንዘብ የት ድረስ እንደሚያደርስም ታይቷል። የ2016 ሻምፒዮኑ ንግድ ባንክ በ2017 መግቢያ ላይ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከታንዛኒያው ያንጋ ጋር ተገናኘ። አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ዛንዚባር ላይ 6 ለ 0። ያንጋ ከስፖንሰሩ ገንዘብ በተጨማሪ ከኋላው በብዙ ሺህ የሚቆጠር አባልና ዘጠና ዓመት የተጠጋ ዕድሜ አለው። በአገር ውስጥ ለአንድ ዓመት ምርጥ ተጫዋች ሰብስቦ ዋንጫ ማንሳት ይቻላል፤ አፍሪካ ላይ የሚፈተነው ለአሥር ዓመት የተገነባው ነው።

ባለቤቱ ሲጠፋ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች ጉዳይ ከሁሉም የተለየ ገጽታ አለው። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን ጨምሮ በዙሪያው ያሉ ከተሞችን አዋሕዶ ሸገር ከተማ የሚል አንድ አስተዳደር አቋቋመ። ይህ የሆነው ለገጣፎ ለገዳዲ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሪምየር ሊጉ እየተጫወተ ባለበት ዓመት ነው። ክለቡ ውድድሩን ሲጀምር የራሱ ከንቲባና የራሱ ካቢኔ ያላት ከተማ ነበረችው። ሲወርድ ከተማዋ የሌላ ከተማ ክፍል ሆና ነበር። ቡድኑ የወረደው በዚህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ከላይ እንዳየነው ሻሸመኔና ሀምበሪቾም ከተማቸው ከሌላ ሳይዋሐድ ወርደዋል። ነገር ግን ባለቤቱ በውድድር ዘመን መካከል ሲቀልጥበት ያየ ክለብ በሌላ አገር በቀላሉ አይገኝም።

ቡራዩ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ራቅ ብላ ቆይታለች። ቡራዩ ከተማ በከፍተኛ ሊጉ ተጫውቷል፤ ፕሪምየር ሊጉን ግን አልረገጠም። በቡራዩ አሸዋ ሜዳ ሰፈር ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ጎበዝ ከሆነ ዓይኑ የሚያርፈው በአምቦ መንገድ ትንሽ ወረድ ብሎ ባሉት የመዲናዋ ክለቦች ላይ ነው። ለዚህ ከተማ ሕዝብ ጥያቄው ውድ ተጫዋች ማን ያመጣልናል የሚለው ብቻ አይደለም። ከዚያ የሚቀድመው፣ አስተዳደሩ ቢፈርስ፣ ቢዋሐድ፣ ከንቲባው ቢቀየር ክለቡ በማን እጅ ይቀራል የሚለው ነው።

ዛሬ በሸገር ከተማ ስም የሚጠራ ክለብ አለ፤ ያው ጥያቄ እሱንም ይመለከታል። የስድስቱን ክለቦች ፈተና፣ የሰበታን ሦስት ዓመትና የለገጣፎን አንድ ዓመት ደምረን ካየን ብያኔው ይህ ነው፦ ባለቤት የክለቡን ውጤት የሚወስነው በሀብቱ መጠን ያህል በጽናቱ ነው። የመንግሥት ድርጅት ከከተማ አስተዳደር የሚሻለው ደመወዝ በሰዓቱ ስለሚከፍል ነው። የደጋፊ ክለብ ከሁለቱም የሚሻለው አንድ ፊርማ ሊያፈርሰው ስለማይችል ነው። አሠልጣኝ ዋንጫ ሊያመጣ ይችላል፤ ክለብ ግን ሊያቆይ አይችልም።

ስለዚህ የሰበታ፣ የቡራዩ፣ የሱሉልታና የለገጣፎ ደጋፊ ክለቡ ባደገ ማግስት ማን ፈረመ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ለአስተዳደሩ ሦስት ጥያቄ ያቅርብ። ክለቡ ከከተማው በጀት የተለየ የራሱ ሕጋዊ ሰውነትና የባንክ ሒሳብ አለው? የተመደበለት ገንዘብ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለሦስት? ነዋሪው አባል ሆኖ መዋጮ የሚከፍልበት፣ በጉባኤም ድምፅ የሚሰጥበት መንገድ ተከፍቷል? መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠ ማሊያው ገና ባለቤት የለውም።